የእጅ ስልክና የሰው ገበና

በቋንቋችን «ገበና» የሚባል ታላቅ ቃል አለ። ገበና ማለት የቤቱ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ለውጭ ሰው ሊነገር የማይገባው የቤት ነገር ነው። ወላጆቻችን ገበናቸውን በግድግዳና በበር፣ በዝምታና በጨዋነት ሲጠብቁ ኖረዋል። በዛሬው ዘመን ግን በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው የእጅ ስልክ ግድግዳውን አልፎ፣ የት እንደ ዋልንና የት እንዳመሸን ለማናውቀው ሰው ሊናገር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልካችን ያለንበትን ሥፍራ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ያወቀውን ለማስታወቂያ ነጋዴዎች እንዴት እንደሚያደርስ፣ እኛም ገበናችንን በምን ዘዴ ልንጠብቅ እንደምንችል ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ መግለጽ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ከመጻፌም በፊት የእናቴን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የምንኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ታማ ስለ ነበር በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ወደ አንድ ሐኪም ቤት አብሬአት እሄድ ነበር። እስከ ጦር ኃይሎች በአንድ ታክሲ ሄደን ከዚያ ሌላ ታክሲ እንይዛለን። እናቴ ሕመሟን ለማንም አልነገረችም፤ የምናውቀው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። የሕመሙንም ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ገበናው የእርሷ ነውና። ወረፋ ስንጠብቅ እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ እመለከታለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ስለ ሕመሙ እየፈለግሁ አነብ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ፣ ታናሽ ወንድሜ ስልኬን ወስዶ የእግር ኳስ ጨዋታ ይመለከት ነበር። በጨዋታው መካከል አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የውጭ አገር ሐኪም ቤት ማስታወቂያ ሲሆን፣ እናከማለን የሚለውም ያንኑ የእናቴን ሕመም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያም ሦስተኛ። ከወንድሜ ጎን ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ከእናንተ ቤት ማን ታሞ ነው?» አሉኝ። ክፉ አስበው አልነበረም። እናቴ ግን ስኒውን እንደ ያዘች ዝም አለች። የዚያን ቀን በረካው ሳይጠጣ ሰው ተበተነ።

ማታ እናቴ፣ «ለማን ነገርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማንም አለመንገሬን ምዬ ነገርኋት። በእርግጥም በአፌ ለማንም አልነገርሁም ነበር። ታዲያ ማን ነገረ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒዩተር መምህራችንን እየጠየቅሁና እያነበብሁ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ስልክ ያለበትን ሥፍራ እንዴት ያውቃል?

ስልክ ሥፍራውን የሚያውቅባቸው ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው የኔትዎርክ ማማ ነው። የእጅ ስልክ ጥሪ እንዲደርሰው በአቅራቢያው ካለው ማማ ጋር ዘወትር መነጋገር አለበት። አንድ ሰው ከዓለም ባንክ ሰፈር ሲደውልልኝ፣ ኔትዎርኩ እኔ በየትኛው ማማ አካባቢ እንዳለሁ ካላወቀ ሊያገናኘን አይችልም። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ይህን ማወቃቸው ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው። ይህንን መንገድ ስልክ ካልጠፋ ወይም በአውሮፕላን ጊዜ እንደሚደረገው ግንኙነቱ ሁሉ ካልተቋረጠ በቀር መዝጋት አይቻልም።

ሁለተኛው ጂፒኤስ የሚባለው ነው። ይህ የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የሳተላይቶች ሥርዓት ሲሆን፣ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች እንዲሠሩበት ሆኖ የታቀደ ነው። ብዙ ሰው ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሳተላይቱ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዓቱንና እርሱ ራሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ያሰማል፤ ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም። ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሰማውን ሰዓት አነጻጽሮ ያለበትን ሥፍራ ራሱ ያሰላል። ሰማዩ በሕንፃ ካልተጋረደም ስሕተቱ ወደ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ወሬ አቀባዩ ሳተላይቱ ሳይሆን፣ በስልኩ ውስጥ ሆኖ ስሌቱን ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚልከው መተግበሪያ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዋይፋይ ነው። በየካፌውና በየመኖሪያ ቤቱ ያለ የዋይፋይ መሣሪያ ሁሉ የራሱ መለያ አለው። ታላላቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የትኛው መለያ በየትኛው ሥፍራ እንደሚገኝ በብዛት መዝግበው ይዘዋል። ስለዚህ በቤተል በአንድ ካፌ በር ስናልፍ፣ ገብተን ዋይፋዩን ባንጠቀም እንኳ፣ ስልካችን ምልክቱን በመስማት ብቻ የት እንዳለን ሊያውቅ ይችላል። ጂፒኤስ በደንብ በማይሠራበት በፎቅ ውስጥም ሥራውን የሚሠራው ይኸው ዘዴ ነው።

አራተኛው የኢንተርኔት አድራሻችን፣ ማለት አይፒ የሚባለው ቁጥር ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከተማውን እንጂ ሰፈሩን አያመለክትም።

ማስታወቂያውስ እንዴት ያገኘናል?

የጥንቱ ማስታወቂያ ለሁሉ እኩል ነበር። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት ቆራሌው እየጮኸ ያልፋል፤ የሚሰማው ሰው ሁሉ እኩል ይሰማዋል። ወያላውም «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ብሎ ሲጣራ የሚሄደውንም የማይሄደውንም ነው የሚጠራው። ቆራሌው በማን ቤት የተሰበረ ብረት ድስት እንዳለ አያውቅም። ቢያውቅና በር ላይ ቆሞ፣ «ትናንት የተሰበረውን ድስት አምጡ» ቢል ግን እንደነግጣለን። የዛሬው የኢንተርኔት ማስታወቂያ እንደዚህ ያለውን ቆራሌ ይመስላል።

ሥራው የሚካሄደው በሐራጅ ነው። በአያሌ ነፃ መተግበሪያዎች ውስጥ ለማስታወቂያ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። እኛ መተግበሪያውን ስንከፍት ስለ እኛ የሚናገር አጭር መግለጫ ወደ ማስታወቂያ ገበያ ይላካል። በመግለጫውም ውስጥ የስልካችን ዓይነት፣ የምንጠቀምበት ቋንቋ፣ ሥፍራችንን እንዲያውቅ ፈቅደን ከሆነም ያለንበት ሥፍራ፣ እንዲሁም «የማስታወቂያ መለያ» የሚባል ረጅም ቁጥር ይገኛሉ። ይህ መለያ ስማችንን አይናገርም፤ ነገር ግን ትናንት በአንድ መተግበሪያ የታየው ሰውና ዛሬ በሌላው የታየው ሰው አንድ መሆናቸውን ያስረዳል። ገዢዎቹ ኮምፒዩተሮች መግለጫውን አይተው ዋጋ ይጫረታሉ፤ አብላጫ የሰጠው የእርሱን ማስታወቂያ ያሳየናል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በሐራጅ የሚያሸንፈው አንድ ነው፤ መግለጫውን የሚያዩት ግን ብዙ ናቸው። ከተሸነፉት መካከል ያየውን መዝግቦ የሚያስቀምጥ፣ ያስቀመጠውንም መልሶ የሚሸጥ ሊኖር ይችላል። አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የታወቀ ነገር ልጥቀስ። በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የስልካችንን ባትሪ እናበራለን። ቀድሞ ይህ አገልግሎት በብዙ ስልኮች ላይ ስላልነበረ ሰዎች የእጅ ባትሪ የሚሆን መተግበሪያ ያወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ የወረደ አንድ እንዲህ ያለ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን ሥፍራ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ሲያደርስ እንደ ነበረ ገልጦ ባለቤቱን ከሰሰ። ጨለማን ለመግፈፍ የተሠራ መሣሪያ ሰው የቆመበትን ሥፍራ ምን አደረገው? ለማብራት አያስፈልገውም፤ ለመሸጥ ግን ያስፈልገዋል።

«ስሜ ካልተጻፈ ምን ቸገረኝ?»

ይህንን ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው ብዙዎቹ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤ «የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ደግሞም ስሜ አልተጻፈም»። እኔም መልስ ለመስጠት አንድ ሙከራ አደረግሁ። ከአንድ የክፍላችን ልጅ ጋር ተስማምተን፣ ስሙን ሳልጽፍ በብጣሽ ወረቀት ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፍሁ። «ሰኞ በ12 ሰዓት ጠዋት ወይራ ሰፈር፤ ሰኞ በ5 ሰዓት ትምህርት ቤታችን፤ ረቡዕ በ11 ሰዓት አየር ጤና፣ ከአንድ ጋራዥ፤ እሑድ በ1 ሰዓት ጠዋት ኳስ ሜዳ»። ወረቀቱን ለክፍሉ ሳነብ አራተኛውን ሳልጨርስ የልጁን ስም ሦስት ሰዎች በአንድ ድምፅ ጠሩ። ከወይራ ሰፈር የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ኳስ የሚጫወቱም ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድነት የሚያደርግ ግን እርሱ ብቻ ነው።

ሊቃውንትም ይህንኑ በሰፊው መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወራት የስልክ እንቅስቃሴ ከመረመረ በኋላ፣ ከመቶ 95ቱን ሰው ከሌላው ለይቶ ለማውጣት አራት ሥፍራና ሰዓት ብቻ እንደሚበቃ አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ከ12 ሚሊዮን በሚበልጡ ስልኮች የተሰበሰበ፣ ከ50 ቢሊዮን በላይ የሥፍራ ምልክት የያዘ መዝገብ አግኝቶ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ስም አልነበረም። ነገር ግን ስልኩ ሌሊት የሚያድርበት ሥፍራ ቤት፣ ቀን የሚውልበት ሥፍራ መሥሪያ ቤት መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ጋዜጠኞቹ የብዙ ሰዎችን ማንነት ለይተው ሊያውቁ ችለዋል።

እንግዲህ አንድ ነጥብ ብቻውን ምንም አይናገርም። ነጥቦች ሲጠራቀሙ ግን የት እንደምናመልክ፣ ማንን እንደምንጠይቅ፣ በየትኛው ሐኪም ቤት በር ስንት ጊዜ እንደ ቆምን ይናገራሉ። ምላስ ዝም ሲል እግር ይናገራል ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ነገር ልመለስና፣ የእናቴን ሕመም ለማስታወቂያው የነገረው ሥፍራችን ነው ወይስ ወረፋ ስጠብቅ ያነበብሁት ነገር? ምናልባት ሁለቱም ተባብረው ሊሆን ይችላል። ወሬው በየትኛው በር እንደ ወጣ ለይቼ ለማረጋገጥ አልቻልሁም። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝም ይኸው ነው። ጎረቤት ቢያማ ሄደን እንጠይቀዋለን፤ ሽማግሌ ልከን እንታረቃለን። ይህን ግን ማንን እንጠይቃለን? የስልኬን ካርታ ከፍቼ ስመለከት፣ ከወራት በፊት ሳላነብ «እሺ» ብዬ በፈቀድሁት መሠረት የሄድሁበት መንገድ ሁሉ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ አገኘሁት። ሐኪም ቤቱም በሳምንት ሁለት ጊዜ በትክክል ተጽፏል። በሩን የከፈትሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት ስለ አንድ ሰው የሚሰበሰብ መረጃ ለተገለጸ ዓላማና በሕግ በተፈቀደ ምክንያት መሰብሰብ አለበት፤ ባለቤቱም ስለ እርሱ ምን እንደ ተያዘ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረምና የመቃወም መብት አለው። ጤናን የሚመለከት መረጃ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ወገን ነው። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሕግ መኖሩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ከማስታወቂያ ገበያው ብዙው ክፍል የሚሠራው ከአገራችን ውጭ ነው፤ ደግሞም እኛው ራሳችን ሳናነብ «እሺ» ካልን ለሕጉም ሥራውን እናከብድበታለን። ስለዚህ ከሕጉ ጋር የራሳችን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ሥፍራን ማሳወቅ ሁልጊዜ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በሰፈራችን ቤት የሚነገረው «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ከሰማያዊው በር አጠገብ» እየተባለ ነው። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሌሊት የታመመ ሰው ለማንሣት ሲመጣ፣ የሥፍራው ምልክት ትልቅ ውለታ ይውላል። ቁም ነገሩ ለሚያስፈልገው፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ መስጠት ነው። ይህንንም ለማድረግ የሚከተሉትን እመክራለሁ።

1ኛ/ የስልካችሁን ማስተካከያ ከፍታችሁ ሥፍራን እንዲያውቁ የተፈቀደላቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር ተመልከቱ። እኔ ስመለከት 11 አገኘሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ካርታውና ታክሲ መጥሪያው ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ ከለከልሁ፤ አንዳቸውም ሥራቸውን አላቆሙም።

2ኛ/ ለሚያስፈልገውም ቢሆን «ሁልጊዜ» አትበሉ፤ «መተግበሪያው ሥራ ላይ ሳለ ብቻ» ወይም «በየጊዜው ጠይቀኝ» የሚለውን ምረጡ።

3ኛ/ በአዳዲስ ስልኮች ላይ «ትክክለኛ ሥፍራ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ያን ጊዜ መተግበሪያው በየትኛው አካባቢ እንዳላችሁ እንጂ በየትኛው በር እንደ ገባችሁ አያውቅም። የአየር ጠባይ ለሚነግር መተግበሪያ ይህ ይበቃዋል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ለሰፈሩ ሁሉ ነውና።

4ኛ/ በአንድሮይድ ስልክ የማስታወቂያ መለያውን ሰርዙ። በአይፎን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መተግበሪያዎች እንቅስቃሴያችሁን በሌሎች ዘንድ ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ ተደርጓል፤ ሲጠይቁ እምቢ በሉ።

5ኛ/ ዋይፋይ ጠፍቶም እንኳ ስልኩ በዙሪያው ያሉትን የዋይፋይ ምልክቶች ሊፈልግ ይችላል። በሥፍራ ማስተካከያው ውስጥ ይህን ፍለጋ የሚዘጋ ቁልፍ አለ።

6ኛ/ የማትጠቀሙበትን መተግበሪያ አጥፉ፤ በካርታው የተመዘገበውን የጉዞ ታሪክም ደምስሱ።

7ኛ/ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሥፍራ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላልና፣ በካሜራችሁም ላይ ይህንን ፈቃድ ዝጉ።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ማስታወቂያ ፈጽሞ አይቀርም። ኔትዎርኩም ማማችንን ማወቁን አይተውም። የሚቀነሰው ማስታወቂያው እኛን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ ነው። ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። እኛ ወጣቶች ይህን ለራሳችን አድርገን ብንቀመጥ አይበቃም። የብዙዎቻችን አባቶችና እናቶች ስልካቸውን የሚያስተካክሉት በእኛ እጅ ነው። «ልጄ፣ እስኪ ይህን አስተካክልልኝ» ሲሉን ቶሎ ብለን ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያልን ከምናልፍ፣ የምንፈቅደው የእነርሱን ገበና መሆኑን አስበን ብንጠይቃቸው ይገባል።

በመጨረሻም የቤታችን ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት፤ በአንድ ምሽትም የእርሷንና የአባቴን ስልክ ከእነርሱ ጋር ሆኜ አንድ በአንድ አስተካከልሁ። እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ተሽሏታል። ከተሻላት በኋላ አንድ እሑድ ራሷ ቡና አፍልታ፣ እነዚያኑ ጎረቤታችንን ከአጠገቧ አስቀምጣ፣ ታማ እንደ ነበረና ምን እንደ ታመመች በገዛ አፏ ነገረቻቸው። እርሳቸውም አለቀሱ፤ «ምነው ያን ጊዜ በነገርሽኝና ባስታመምሁሽ» አሉ። የዚያን ቀን በረካው ተጠጣ።

እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የተነገረው ነገር ያው ነው፤ የሰሙትም ሰው እኒያው ናቸው። ልዩነቱ የመጀመሪያውን ቀን የተናገረው ስልክ ሲሆን፣ በኋላ ግን ባለቤቷ በፈለገችው ቀን፣ ለመረጠችው ሰው መናገሯ ነው። ገበናን መጠበቅ ማለትም ነገርን ሁሉ መደበቅ ሳይሆን፣ የራስን ነገር ራስ ለመናገር መቻል ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስታስቀምጡ ስልካችሁን አንሥታችሁ የፈቃዱን ዝርዝር ተመልከቱ። የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።